የባሮ ዳር የእጅ ሳይረን

በጋምቤላ፣ ባሮ ሳይታሰብ የሞላ ዕለት፣ ወንዙ መሐል ባለው አሸዋ ላይ የነበሩትን ሴቶች ያዳናቸው ሳይረኑ ነው ይባላል። ውሸት ነው። ሳይረኑ ማንንም አላዳነም። ይህን የምለው ከሩቅ ወሬ ሰምቼ አይደለም፤ ማዞሪያ እጀታውን፣ ማኖቬላውን፣ ያዞርኩት እኔ ነኝ።

ሰው ስለ ሳይረን ሲያወራ «አስጠነቀቀ» ይላል። ማስጠንቀቅ ማለት ምን እንደመጣ፣ በየት በኩል እንደመጣና ምን ማድረግ እንደሚገባ መንገር ነው። ሳይረን ከሦስቱ አንዱንም አያውቅም። የሚችለው «ፍሩ» ማለት ብቻ ነው። የፈራ ሰው ደግሞ አዲስ ነገር አያስብም፤ ባለፈው ጊዜ ፈርቶ ወደ ሮጠበት ይሮጣል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ያኔም ብዙ አነብ ነበር፤ ለዚያች ቀን የጠቀመኝ አንድም ገጽ አላስታውስም።

ክልሉ ገና በስሙ ሳይሆን በቁጥር የሚጠራበት ጊዜ ነበር። እኔ ከድሬዳዋ ተመድቤ የመጣሁ፣ ሃያ ሰባት ዓመት የሞላኝ የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ሥራዬ የቀድሞውን አስተዳደር ዕቃ ለአዲሶቹ ቢሮዎች ማከፋፈል ነው። ወንበር፣ የጽሕፈት መኪና፣ ሞተር የሌለው ላንድሮቨር፣ ግማሽ በርሜል ሬንጅ፤ ሁሉም በቀይ ቀለም ቁጥር ይጻፍበታል፣ ከዚያ ርክክብ ኮሚቴው ለየትኛው ቢሮ እንደሚደርስ ይከራከራል። በዚያ ዓመት በከተማው ውስጥ ቀይ ቁጥር ያልተጻፈበት ነገር ባሮ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሳይረኑ ከቢሯችን ጀርባ፣ ወንዙ ዳር በቆመ የብረት ማማ ላይ ነበር። ማማው የተሠራው ለውሃ ታንከር ነው፤ ታንከሩን ሌላ ቢሮ ስለወሰደው ሳይረኑ ብቻውን ቀረ። ትልቅ ድስት ያክላል። ዙሪያው እንደ መስኮት በተርታ የተከፈተ፣ ውስጡ ጥርስ ያላቸው መዘውሮች ያሉት፣ በጎኑ ማኖቬላ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው የብረት ከበሮ ነው። የድሮ መኪና እንደሚነሣው በእጅ ነው የሚዞረው። ከየት አገርና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተሠራ የሚናገር የነሐስ ታርጋ ነበረው። አሁን ምን እንደሚል ልነግራችሁ አልችልም፤ ቀይ ቁጥራችንን የጻፍነው እሱ ላይ ነው።

ሳይረኑን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። የቢሯችን የቀን ዘበኛ ነው፤ አኙዋ፣ ረጅም፣ ጥቂት የሚናገር ሽማግሌ። በቀድሞው መንግሥት ጊዜ ሳይረኑን የሚያዞረው እሱ ነበር። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ሁላችንንም «ጓድ» ይለናል። ቃሉ ከመንግሥቱ ጋር እንደሄደ ብዙ ጊዜ ነገርነው፤ «እሺ ጓድ» ይላል። እያሾፈ ይሁን ከልማድ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኛ ደግሞ አባታችን የሚሆነውን ሰው ያለ ምንም እፍረት «አንተ» ነበር የምንለው።

ማኖቬላውን ግምጃ ቤት የቆለፍኩበት እኔ ነኝ። ምክንያት ነበረኝ። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ሰካራም ማማው ላይ ወጥቶ ሳይረኑን አዙሮት ገበያው በአንድ ጊዜ ተበተነ። እኔ ያን ቀን ለርክክብ አቦቦ ወረዳ ሄጄ ነበር። ስመለስ ገበያው መበተኑን ነገሩኝ። ሰዉ ወዴት እንደሄደ አልጠየቅሁም። ማኖቬላውን አስወጥቼ፣ «ልዩ ልዩ ብረታ ብረት» ብዬ መዝግቤ፣ ኮሚቴው ግምጃ ቤቱን በወረቀት ማኅተም ሲያሽግ ውስጥ ተውኩት።

ቀኑ የሚያዝያ መጨረሻ ነው። ጋምቤላ ሰማይ ላይ ጣት የምታክል ደመና አልነበረችም። ባሮ በዚያ ወቅት ተስቦ ስለሚያንስ መሐሉ ላይ ትልልቅ አሸዋ ይወጣል፤ የአኙዋ ሴቶች እሱ ላይ በቆሎ ይዘራሉ። ከማማው ፊት ለፊት፣ በእግር አሥር ደቂቃ ከማይሞላ ቦታ፣ ትልቁ አሸዋ ነበር። በእኛ በኩል ካለው ዳርቻ የሚለየው ጉልበት የማይደርስ ውሃ ነው። ያን ጠዋት ዐሥር ሴቶች የመጨረሻውን በቆሎ ሊለቅሙ ወርደዋል። አንዷ የዘበኛው ሚስት ናት።

አምስት ሰዓት ላይ ከመዝገብ ቤት አንዲት ወረቀት መጣች። ከላይ፣ ከደጋው በኩል፣ በሬዲዮ የተላከ መልእክት ነው፤ ባሮ በኃይል ሞልቶ ዛፍ እየነቀለ በመውረድ ላይ ስለሆነ ሰባት ሰዓት ገደማ ጋምቤላ ይደርሳል፣ ወንዙ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይውጣ ይላል። መልእክቱ የተላከው ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። ሁለቱን ሰዓት የፈጀው ከአንዱ ቢሮ ወጪ መዝገብ ወደ ሌላው ገቢ መዝገብ ሲጓዝ ነው። ቁጥሩም ማኅተሙም በትክክል ተደርጎበታል።

የቢሯችን ኃላፊ በዚያው ዓመት የተሾመ፣ ከመምህርነት የመጣ ወጣት ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ወረቀቷን ሁለቴ አነበባት።

«መኪናው የት ነው?»

«ከኮሚቴው ጋር አቦቦ ሄዷል» አልኩት።

«ሳይረኑ ይሠራል?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ የኖርኩ ይመስል ደስ አለኝ። «ይሠራል» አልኩ፤ «ለዚህ ቀን ነው የተሠራው።»

ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ታይፒስቷ ነገረችው፤ ወረቀቷን ያየች ጊዜ ቀድማ የጠራችው እሷ ናት። ታይፒስቷ የከተማው ልጅ፣ የእናቷ ቋንቋ አኙዋ የሆነ፣ አማርኛዋ ከእኔ የተሻለ ፈጣን ሴት ነበረች።

«ጓድ» አለ ዘበኛው ለኃላፊው፣ «ልሂድ። አሥር ደቂቃ ነው።»

«አንተ ከሄድክ ሳይረኑን ማን ያዞራል?»

«ሳይረን አያስፈልግም። እኔ ሄጄ እጠራቸዋለሁ።»

«ታች ሌሎች አሸዋዎች አሉ። እዚያስ ሰው ቢኖር?»

«የለም። በቆሎ ያለው እዚህ ብቻ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

በዚያ ወንዝ ዳር ተወልዶ እዚያው ያረጀ ሰው እንዲህ ሲጠየቅ ምን ይላል?

እዚህ ላይ እኔ ገባሁ። ማስተዋል ቢኖረኝ ዝም እል ነበር። «አንድ ሰው የሚደርሰው አንድ ቦታ ነው» አልኩ፤ «ሳይረን ግን ከተማውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያነቃል።»

ዘበኛው ወደ እኔ ዞረ። «ይህ ሲጮህ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለህ?»

«ወደ ቤቱ።»

«አይደለም። መንግሥት ሲለወጥ፣ ወታደር ሲሸሽ፣ ጥይት ነበር። እኔ ነኝ ያዞርኩት። ሰው ሁሉ ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ወንዝ። ጥይት ከላይ ነው የሚያልፈው። ሸምበቆ ውስጥ ገቡ፣ አሸዋ ላይ ተኙ። ማንም አልሞተም። ከዚያ ወዲህ ሲጮህ…»

«ያኔ ጦርነት ነበር» አልኩት ሳይጨርስ። «አሁን ጎርፍ ነው። ሰው አእምሮ አለው፣ ይለያል።»

«በምን ይለያል? ድምፁ አንድ ነው።»

«ውሃ ሊመጣ ወደ ውሃ የሚሮጥ ሰው የለም።»

«ውሃ እንደሚመጣ ማን ነገረው?»

ክርክር ስወድ ነው ያደግሁት። ሰው ጥሩ ጥያቄ ሲጠይቀኝ መልሱን ከመፈለግ ይልቅ ማሸነፊያውን ነበር የምፈልገው። «አንተ ሥራህ ማዞር ነው» አልኩት፤ «ማሰቡን ለእኛ ተወው።» ታይፒስቷ ቀና ብላ አየችኝ። ኃላፊው ሳይረኑ ይነፋ ብሎ ወሰነ። ለዘበኛውም ከቦታው ከተነሣ ሥራውን እንደለቀቀ እንደሚቆጠር ነገረው። ጡረታ የሚባለውን ቃል አላነሣም፤ ሁላችንም ሰምተነዋል። በእሱ ፈንታ ከእኛ አንዱ ወርዶ ሴቶቹን ይጥራ ያለ ግን አልነበረም።

የሚቀጥለው አንድ ሰዓት የጠፋው በእኔ ምክንያት ነው። ግምጃ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈው የወረቀት ማኅተም ሦስት የኮሚቴ አባላት ፈርመውበታል፤ ሊነሣ የሚችለው ሦስቱ ባሉበት ነው። ሁለቱ አቦቦ ናቸው። እኔ ሦስተኛው ነኝ። ታይፒስቷ ማኅተሙ ለምን እንደተነሣ የሚገልጽ ቃለ ጉባኤ እንድትጽፍ አዘዝኳት። ጻፈች። «ማኖቬላ» የሚለውን «የሳይረን ማስነሻ እጀታ» በሚል እንድታስተካክለው መለስኩላት፤ መዝገቡ ላይ ያለው ግን «ልዩ ልዩ ብረታ ብረት» ስለሆነ እሱም አልተስማማም። ሦስተኛ ጊዜ ወረቀት አስገባች።

«ዐሥር ሴቶች አሸዋ ላይ ናቸው» አለችኝ።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው በሥርዓት የምንሠራው።»

ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው ነጋዴ ምን እንደተፈጠረ ሊያይ መጣ። ከጅማ በኩል የመጣ፣ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። መካ ሳይሄድ ሁሉም «ሐጂ» ይለዋል፤ ሲቃወም ሰምቼው አላውቅም።

«ምንድን ነው የምትጽፉት?» አለ።

«ማኅተም ልናነሣ ነው።»

በሩን አየው። «ይቺን ወረቀት? በምራቅ የተለጠፈችውን?»

«በሙጫ ነው» አልኩት።

«ይቅርታ፣ በሙጫ ከሆነማ ከባድ ነው» ብሎ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ዘበኛው ማማው ሥር ቆሞ ነበር። በየጥቂት ደቂቃው ይመጣና «አሥር ደቂቃ ነው፣ ጓድ» ይላል። ሦስት ጊዜ መጣ። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ተለውጦ ነበር፤ አልጮኸም፣ ይልቅ ዝቅ አለ። በመጨረሻ ኃላፊው ራሱ መጥቶ፣ ጽሑፌን ሳያነብ፣ ማኅተሙን በስክሪብቶው ጫፍ ቀደደው። ድምፁ ፖስታ ሲከፈት እንደሚሰማው ነው። ስድስት ሰዓት ሆኗል።

አንድ ነገር ላስረዳ፤ ለማምለጥ ሳይሆን ሞኝነቴ ከየት እንደመጣ እንድታውቁት ነው። ድሬዳዋ ያደግሁት ከባቡር ሐዲድ ማቋረጫ አጠገብ ነው። ማቋረጫው ላይ አንድ ሠራተኛ ነበር፤ ባቡር ሲመጣ ሰንሰለት ይስባል፣ የተንጠለጠለ ብረት ይመታል፣ ቀይ ባንዲራ ይዞ መሐል ላይ ይቆማል። ጋሪውም፣ ግመሉም፣ እኛም ቀጥ እንላለን። በኋላ አንድ የድሮ የውጭ አገር መጽሔት ላይ፣ ሠራተኛ በሌለበት ማቋረጫ የሚተከል እንግዳ መሣሪያ ሥዕል አየሁ፤ ቀይ መብራት የያዘ የብረት ክንድ ነው፣ ባቡር ሲቀርብ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ፋኖስ የሚያወዛውዝ ሰው እንዲመስል ነው የሠሩት። ከዚህ ሁሉ የተማርኩት ምልክት ካለ ሰው ይድናል የሚለውን ነው። ያላየሁት፣ ማቋረጫው ላይ ትእዛዙ አንድ ብቻ መሆኑን ነው፤ ቁም። ሁሉም ያውቀዋል፤ ለማያውቀው ደግሞ ባንዲራ የያዘው ሰው ፊት ለፊቱ ቆሟል።

ማማው ላይ ከዘበኛው ጋር ወጣን። ብረቱ በፀሐይ ግሎ ይፋጃል። ማኖቬላውን አስገባ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አዞረው፤ ከበሮው እንደሚያጉረመርም ውሻ ድምፅ አወጣ። ከዚያ እጄን ይዞ እጀታው ላይ አስቀመጠው።

«ቀስ ብለህ ጀምር። ሲከብድ አትልቀቅ። ሲቀል ፍጠን።»

«አንተስ?»

«ያዝ» አለና መሰላሉን ወረደ። በግቢው በር ሲወጣ ኃላፊው ጠራው፤ ዞር አላለም። መለዮውን አውልቆ በእጁ እንደያዘ ቁልቁል ሮጠ። በዚያ ዕድሜ እንዲያ ይሮጣል ብዬ አላስብም ነበር።

አዞርኩ። መጀመሪያ ማጉረምረም፣ ከዚያ እያደገ፣ እየቀጠነ፣ ጆሮዬ ውስጥ ጥርስ የሚያስነክስ ጩኸት ሆነ። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በሕይወቴ እንዲህ ጎልቶ የተሰማ ነገር ተናግሬ አላውቅም። ክንዴ እስኪዝል አዞርኩና ቀና ብዬ ታች ተመለከትኩ።

ከተማው ወደ ወንዙ እየሮጠ ነው።

ከገበያው፣ ከሻይ ቤቱ፣ ከመንገዱ ሁሉ ሰው እየወጣ ቁልቁል ይወርዳል። ሕፃን ያዘለች አለች፤ ሽማግሌ የሚጎትት አለ። ሐጂ ሱቁን ሳይዘጋ፣ ሽርጡን በአንድ እጁ ሰብስቦ ይሮጣል። ዳርቻው ሲደርሱ ሸምበቆው ውስጥ ይገባሉ። ገሚሱ ግን ያቺን ጉልበት የማትደርስ ውሃ ተሻግሮ ወደ ትልቁ አሸዋ ያመራል። አሸዋው ላይ የነበሩት ሴቶችስ? አንዷም ልትወጣ አልተነሣችም። ሁሉም በቆሎው መሐል በደረታቸው ተኝተዋል። የተማሩት እንደዚያ ነው፤ ሳይረን ሲጮህ አሸዋ ላይ መተኛት።

ሰዉ መሐል ዘበኛውን ለየሁት። ዳርቻው ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ከፍ አድርጎ ያወዛውዛል። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሰዎች በግራና በቀኙ ያልፉታል። እጁን እያየሁ «ጨምር» የሚለኝ መሰለኝ። ጨመርኩ። ባለ በሌለ ኃይሌ አዞርኩ። እሱም የባሰ አወዛወዘ፤ እኔም የባሰ አዞርኩ። ይህን ያህል ዓመት ቆይቶ እንኳ ሲሰቅቀኝ የሚኖረው ይህ ነው፤ ሁለታችንም ባለን ጉልበት ሁሉ እየሠራን ነበር።

እጄን የያዘኝ የሰው እጅ ነው። ታይፒስቷ ጫማዋን ጥላ መሰላሉን ወጥታለች። የምትለው አይሰማኝም። አፏን ጆሮዬ ላይ አደረገች።

«ተው! ወደ ውሃው እየነዳሃቸው ነው! እሱ ይጠራቸዋል፣ አይሰሙትም!»

ማኖቬላውን ለቀቅሁት። ሳይረኑ ግን አልቆመም። ይህ ዓይነቱ መሣሪያ አንዴ ከተነሣ በራሱ ክብደት ይዞራል፤ ማቆሚያ እንዳለው ሽማግሌው ያውቅ ይሆናል፣ እኔ አላውቅም። ከበሮውን በእጄ ልይዘው ስል መዳፌን ላጠው። ታይፒስቷ ነጠላዋን ልትከትበት ስትል ያዝኳት፤ ክንዷን ይዞ እንዳይጎትተው ፈራሁ። ቆመን ጠበቅን። አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ ግን በዚያች ደቂቃ ውስጥ የውሃው መልክ ሲለወጥ አየሁ። ጠዋት አረንጓዴ የነበረው ባሮ ከላይ በኩል ቡናማ ሆኗል፤ አረፋና ቅጠል ይዞ ይመጣል። ሰባት ሰዓት ገና አልሞላም።

ጩኸቱ እየወፈረ፣ እየወረደ፣ ሞተ። ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ መጣ።

እንደ ሳይረን አልነበረም። ረጅም፣ መጨረሻው ላይ ከፍ የሚል፣ ውሃ ላይ የሚንሸራተት ጥሪ ነው። ታይፒስቷ እየሰማች ትነግረኛለች። «በልጆቻቸው ስም ነው የሚጠራቸው። የእንትና እናት፣ ውሃ መጣ፣ ተነሺ ይላል። የእንትና እናት፣ ውሃ መጣ፣ ተነሺ።» አንዷ ከበቆሎው መሐል ቀና አለች። ከዚያ ሌላዋ። ከከተማ የሮጡትም ጥሪው ሲሰማ፣ ሴቶቹም ሲነሡ ሲያዩ ዞሩ፤ ሸምበቆው ውስጥ የነበሩት ወደ ላይ ወጡ።

መመለሱ ከመሄዱ የከፋ ነበር። ውሃው ጭን ደርሷል። የከተማው ሰው የሞላ ባሮን በድልድይ እንጂ በእግሩ የተሻገረ አይደለም፤ መሐል ሲደርስ ይቆማል። ያኔ የዘበኛው ሚስት ጅረቱ መሐል ገብታ ቆመች፤ ቀጭን፣ ጸጉሯ የሸበተ ሴት ናት። በግራ እጇ ትቀበላለች፣ በቀኝ ለባሏ ታቀብላለች። እሱ ወገቡ ድረስ ገብቶ ወደ ዳር ይወረውራል። እየሰደበቻቸው ነበር፤ ታይፒስቷ ልትተረጉምልኝ አልፈለገችም። ሐጂ ሲደርስ እግሩን ውሃው ነጠቀው። አንገቱን ይዛ አቀናችው፤ ሽርጡ ሄደ፣ እሱ ቀረ። መሐል ላይ እሷ ብቻ ስትሆን ውሃው ደረቷ ላይ ነበር፤ ከላይ ደግሞ ቅርንጫፉ ያልረገፈ ዛፍ እየተንከባለለ ይመጣል። ሁለት ወጣቶች ታንኳ ገፍተው ደረሱባት። ዛፉ የቆመችበትን ቦታ አልፎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ አሸዋው ለመጥፋት ብዙ አልፈጀበትም። የበቆሎው ጫፍ ለጥቂት ጊዜ ውሃው ላይ ሲርገበገብ ይታይ ነበር። ቀጥሎ ምንም የለም።

ማታ ሁሉም ሰው ቤቱ ገባ። ማንም አልጠፋም። ለዚህ አምላክን አመሰግናለሁ፤ ቢሯችን ግን ያመሰገነው ሌላ ነው። በሁለተኛው ቀን ኃላፊው ሪፖርት እንድጽፍ ጠየቀኝ።

«ጽሑፍህ ጥሩ ነው» አለኝ። «ሳይረኑ በወቅቱ ባይነፋ ኖሮ ብለህ ጀምር።»

«ሳይረኑ እኮ ሰዉን ወደ ውሃው ነዳው።»

«ግን ሰው ሞተ?»

«አልሞተም።»

«ሳይረን ተነፋ?»

«ተነፋ።»

«እና?» አለ። አይኑ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ፍርሃት እንጂ። መልእክቱ መዝገብ ቤት ሁለት ሰዓት መቆየቱን፣ ማኅተም ስንጠብቅ አንድ ሰዓት መሄዱን ብጽፍ ሁላችንም እንጠየቃለን። ጻፍኩ። በወቅቱ በተሰማው የማስጠንቀቂያ ድምፅ አማካይነት የዐሥር እናቶች ሕይወት ተረፈ ብዬ ጻፍኩ። ቃሉ ያምራል፤ ከዚያ ወዲህ በከተማው ሲነገር የሰማሁት በእኔው ቃል ነው። ሪፖርቱ ሙሉ እንዲሆን ደግሞ የዘበኛው ነገር መጠቀስ ነበረበት። ሳይረኑን የሚያዞረው ሠራተኛ በወሳኝ ሰዓት የሥራ ቦታውን ጥሎ ሄዷል። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው ተባለ። ያንንም ያረቀቅሁት እኔ ነኝ።

ዘበኛው አማርኛ ማንበብ አይችልም፤ ደብዳቤውን ታይፒስቷ ራሷ ጽፋ ራሷ አነበበችለት። «የሥራ ቦታዎን ያለ ፈቃድ በመልቀቅዎ» የሚለው ጋ ስትደርስ ቆመች። በቃልም ሆነ በጽሑፍ ያን ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ «እርስዎ» ያልነው በዚያ ደብዳቤ ነው።

«ጨርሺ» አላት።

ጨረሰች። አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ደብዳቤው ግርጌ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ጓድ፣ ሌላ ቀን ሲጮህስ? ሚስቴ ወዴት ትሂድ? እዚህ ውስጥ ጽፈኸዋል?»

አልጻፍኩትም ነበር። ደብዳቤውን በአራት አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ በሩ ሄደ። በሚቀጥለው በጋ አሸዋው እንደገና ወጣ። ሴቶቹም በቆሏቸውን ዘሩ፤ ከእነሱ ጋር ሚስቱ። ቢሮው በዚያው ዓመት ማማውን አስጠገነ፣ ለሳይረኑም ከፀሐይ የሚከላከል ቆርቆሮ አሠራለት። ወዴት መሄድ እንዳለባቸው የነገራቸው ሰው አልነበረም። እኔም ወርጄ አልነገርኳቸውም። ዝውውር ጠይቄ ሄድኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በምትኖሩበት ወይም በምትሠሩበት ቦታ ሳይረን ወይም የአደጋ ደወል ካለ፣ ነገ ጠዋት ሂዱና እዚያ ብዙ ዘመን የኖረውን ሰው «ይህ ሲጮህ ሰዉ ወዴት ይሮጣል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን እስኪጨርስ አታቋርጡት።